«ያመጣል» የምትለው ቃል

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመተርጎም እንጀራዬን መብላት ከጀመርሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ከፈጸምኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚቆረቁረኝ በአንዲት ቃል የሠራሁት ነው። ቃሏም «ያመጣል» ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጋዜጣ ስለ ጤና የሚያትት ጽሑፍ እንድተረጉምለት ሰጠኝ። እንግሊዝኛው የሚለው፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን በሚወስዱ ሴቶች ዘንድ የጡት ካንሰር ከሌሎቹ በጥቂቱ በዝቶ መታየቱን ነበር። እኔ ግን ርእሱ አጭርና ሳቢ ይሁን ስል «የወሊድ መከላከያ ክኒን የጡት ካንሰር ያመጣል» ብዬ ጻፍሁ፤ አዘጋጁም ደስ ብሎት በትልልቅ ፊደል አተመው። ከወራት በኋላ አንዲት የሰፈራችን ወጣት እናት፣ ሁለተኛ ልጇ ገና ጡት ሳይጥል ሦስተኛ ማርገዟን ሰማሁ። ክኒኑን ለምን እንደተወች ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን አንብቤ እኮ ነው» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ከምድጃ የወረደውን የሚፋጅ ሻይ ፉት ትል ነበር፤ ባለቤቷም እንደ ልማዱ አረቄ ቤት ነበር።

ለመሆኑ ያ «ጥቂት» ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነና በዴንማርክ 1.8 ሚሊዮን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ የሆርሞን መከላከያ በሚጠቀሙት ዘንድ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድል ከማይጠቀሙት በ20 በመቶ ከፍ ብሎ ማግኘቱን ገልጿል። 20 በመቶ ሲባል ያስደነግጣል። ያው ግኝት በሌላ አነጋገር ሲገለጽ ግን፣ 7,690 ሴቶች ለአንድ ዓመት ቢጠቀሙ አንድ ተጨማሪ የጡት ካንሰር ይታያል ማለት ነው። ሁለቱም አነጋገሮች እውነት ናቸው፤ የመጀመሪያውን ብቻ የሰማች ሴት ግን የሰማችው ግማሹን ነው። ሆርሞኖቹ የተቀላቀሉበት ክኒን የእንቁል እጢንና የማሕፀን ግድግዳን ካንሰር እንደሚቀንስስ ማን ነገራት? ያልታሰበና የተቀራረበ እርግዝና በአንዲት እናት ጤና ላይ የሚያስከትለውንስ ማን በርእስ አወጣላት?

የዚህ ሁሉ ግርታ አንዱ ምንጭ፣ የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሚያወጣው ዝርዝር ነው። ጥፋቱ የዝርዝሩ አይደለም፤ የእኛ የተርጓሚዎቹና የአዘጋጆቹ ነው። ዝርዝሩ የሚመዝነው የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን ብዛት አይደለም። በ2015 እንደ ቋሊማ ያለው፣ በጨውና በጭስ የተሰናዳ ሥጋ ከትምባሆ ጋር በቡድን 1 በተመደበ ጊዜ፣ «ቋሊማ ከሲጋራ እኩል ይገድላል» የሚል ወሬ ተናፈሰ። ኤጀንሲው በዚያው ጊዜ በጠቀሰው ግምት ግን፣ እንዲህ ያለውን ሥጋ አብዝቶ ከመብላት ጋር የሚያያዘው የካንሰር ሞት በዓመት 34,000 ያህል ሲሆን፣ ከትምባሆ ጋር የሚያያዘው 1 ሚሊዮን ያህል ነው። መደቡ አንድ፣ ጥፋቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «አማርኛ ለሳይንስ ቃል ያንሰዋል» እያሉ ያመካኛሉ። ይህ ሐሰት ነው። በቡድን 1 ያለው «መሆኑ የተረጋገጠ» ነው፤ በ2ኤ ያለው «ሳይሆን አይቀርም» ነው፤ በ2ቢ ያለው «ሊሆን ይችላል» ነው፤ በ3 ያለው «ለመፍረድ ማስረጃው አይበቃም» ነው። አያቶቻችን በችሎት ፊት «አየሁ»ንና «ሰማሁ»ን ለይተው ይመሰክሩበት የነበረ ቋንቋ፣ እነዚህን አራቱን መለየት ያቅተዋል ብሎ መከራከር ስንፍናን በቋንቋ ማላከክ ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ሕዝቡን አብዝቶ ማስፈራራት ምን ይጎዳል?» የሚሉኝም አሉ። ይጎዳል! ሁሉ ነገር ካንሰር ያመጣል የተባለ ሰው ወይ የሚጠቅመውን መድኃኒት ይጥላል፣ አለዚያም «ከሞት አይቀርም» ብሎ የሚጎዳውን ሁሉ ያቅፋል። የአልኮል መጠጥ በቡድን 1 ከተመደበ ከ1988 ጀምሮ ነው። ይሁንና ስለ ክኒን የሚጨነቀው ሁሉ ስለ አረቄውና ስለ ቢራው ሲጨነቅ እምብዛም አይታይም። ከአርሲና ከባሌ ጀምሮ በምዕራብ ኬንያ በኩል እስከ ማላዊ በሚዘልቀው አካባቢ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል። ለዚህ አንድ ብቸኛ ምክንያት አልተገኘለትም፤ ትምባሆና አልኮል ግን ከታወቁት መካከል ናቸው፤ የሚፋጅ መጠጥም ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነው። በ2016 ኤጀንሲው ከ65 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ የሆነን ትኩስ መጠጥ «ሳይሆን አይቀርም» ከሚለው መደብ ሲያስገባ፣ ቀድሞ «ሊሆን ይችላል» ተብሎ የነበረውን ቡናን ግን ከዚያ አውጥቶታል። የተጠረጠረው እንግዲህ ትኩሳቱ እንጂ ቡናው አይደለም። መፍትሔውም ስኒውን ጥቂት አቆይቶ መጠጣት ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሐኪምም አያስፈልገውም።

መድኃኒት ፈጽሞ አይጠርጠር ማለቴ አይደለም። ለጨጓራ ሕመም ብዙዎቻችን የምናውቀው ራኒቲዲን፣ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም የተባለ ኤንዲኤምኤ የተሰኘ ኬሚካል ስለተገኘበት፣ በ2020 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል። ያ ማስጠንቀቂያ ተገቢ ነበር፤ ለጨጓራ የሚሆኑ ሌሎች መድኃኒቶችም ነበሩ። ለታማሚው ሊነገረው የሚገባውም «ጣለው» ሳይሆን «ወደ ሐኪምህ ሂድና በሌላ ይተካልህ» የሚለው ነበር። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው እንግዲህ የእኛ ሙያ።

ስለዚህ ለአዘጋጆችም ለተርጓሚዎችም የምለው ይህ ነው። «ካንሰር» የሚል ርእስ ከማተማችሁ በፊት ማስረጃው ምን ያህል የጸና ነው? አደጋውስ ከስንት ሰው ስንቱን ያገኛል? አንባቢውስ ነገ ጠዋት ምን ያድርግ? ብላችሁ ጠይቁ። ለሦስቱ መልስ የሌለው ዜና ለኅትመት አልበሰለም፤ ይቆይ። አንባቢም ቢሆን ክኒኑን ከመጣሉ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ያቺ እናት ሦስተኛ ልጇን በሰላም ተገላገለች፤ ተመስገን ነው። እኔ ግን በዚያ ርእስ ላይ የእርማት ቃል እንዲወጣ ጋዜጣውን ሳልጠይቅ ዓመታት አሳለፍሁ። ጋዜጣው ዛሬ የለም። እርማቴን እዚህ አስፍሬዋለሁ።