ዲኤክስህን ከማስጮህህ በፊት ፍሬኑን እይ

የገና ሰሞን ቤተሰብ ለመጠየቅ ቆላ ድባ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅም አዲሷን መኪናውን ይዞ ከጎንደር መጣ። አዲስ ስል ለእሱ ማለቴ ነው፤ በዕድሜ ከሁለታችንም ትበልጣለች። ዲኤክስ ናት። ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ ብላለች፣ ቸርኬዋ ያብለጨልጫል፣ ከኋላ ስፖይለር ተሸክማለች፣ ማርሚታዋ ተቀይሮ ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። የሰፈሩ ልጆች ወዲያው ከበቧት። እኔም አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

«ና ግባ፣ አንድ ዙር ላሳይህ» አለኝ። ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ወጣን። ደንቢያን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው። መንገዱ ደግሞ የሁሉም ነው፤ የእግረኛው፣ የአህያው፣ የጋሪው፣ የባጃጁ። ሄድን፣ ተመለስን። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ደግመን ሄድን። በየዙሩ መጨረሻ ፍሬኑን በኃይል እየረገጠ ያዞራታል። አራተኛው ዙር ላይ አንድ ልጅ ሁለት በሬዎች እየነዳ ከሽምብራው ማሳ ወደ መንገዱ ወጣ።

የአክስቴ ልጅ ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ ምንም ሳይዝ ወለሉን ነካ። ደግሞ ረገጠ። ምንም የለም። መሪውን ወደ ማሳው ጠመዘዘው፤ ሽምብራውን እየጨፈለቅን ሄደን በመጨረሻ ቆምን። ልጁ አልተነካም። አንደኛው በሬ ግን በፓራውልቱ ጫፍ ተመትቶ እግሩ ተሰበረ። ለደንቢያ ገበሬ አንድ በሬ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የልጁ አያት እየሮጡ መጡ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ልጁን ከራሱ እስከ እግሩ ዳበሱትና ወደ እኛ ዞረው «በሬውስ በገንዘብ ይተካል፤ ይሄን በምን ትተኩልኝ ነበር?» አሉ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

በሽማግሌ የበሬውም የሽምብራውም ካሳ ተከፈለ። መኪናዋ ተጎትታ ጎንደር ገባች። መካኒኩ የፍሬን ዘይቱን ቀድቶ ሲያሳየን ቡና መስሏል። «መቼ ነው የተቀየረው?» ሲል ጠየቀ። የአክስቴ ልጅ ዝም። «ልጄ፣ ለጩኸቱ ካወጣኸው አንድ አሥረኛውን ለፍሬኑ ብታወጣ ኖሮ ዛሬ እኔ ዘንድ አትመጣም ነበር» አለው። ቦሎ የለጠፈች መኪና ነች እኮ! ግን በዓመት አንዴ የሚደረግ ምርመራ በየሳምንቱ ኮፈን ከፍቶ አያይልህም።

ይህን የምጽፈው መኪና ማሻሻል ይከልከል ለማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምለው። ልጆቻችን መኪና እናሻሽላለን ይላሉ እንጂ እያሻሻሉ አይደለም፤ እያስጌጡ ነው። ለፍጥነት የሚዘጋጅ መኪና ዝግጅቱ የሚጀምረው ከማቆሙ ነው።

ነገሩ የሚያስቆጨው ደግሞ መኪናዋ የዋዛ አለመሆኗ ነው። ዲኤክስ የምንላት አብዛኛዋ አራተኛው ትውልድ ኮሮላ ናት፤ ቶዮታ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣት። ሞተሯ የኋላ ጎማ ነው የሚያሽከረክረው። ቀጣዩ ትውልድ በ1983 ሲመጣ ሴዳኑ ወደ ፊት ጎማ ዞረ፤ ኤኢ86 የተባለው የስፖርት ሞዴል ግን የኋላውን ይዞ ቀጠለ። ይሄ ኤኢ86 ዛሬ ዓለም በውድ ዋጋ የሚፈልገው የድሪፍት መኪና ነው። የእኛዋ ዲኤክስ ታላቅ እህቱ ናት። ቀላል ናት፣ አሠራሯ ግልጽ ነው፣ መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። አውስትራሊያ ውስጥ ይህችኑ መኪና ለውድድር ሜዳ የሚያዘጋጁ አሉ። እኛ ግን ስፒከር እንጭንባታለን።

ታዲያ ለውድድር ሜዳ የሚያዘጋጅ ሰው ገንዘቡን በምን ቅደም ተከተል ያወጣል?

አንደኛ ፍሬን። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ፍሬንህ ማጥፋት ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ጉልበት የትም አይሄድም፤ ሙቀት ሆኖ ሸራውና ዲስኩ ላይ፣ ከዚያም ዘይቱ ላይ ያርፋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስትረግጠው ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። እግርህ ወለል የሚነካው ያኔ ነው። እኛን ያገኘን ይኸው ነው። የአባይን በረሃ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ በጭነት መኪና የወረደ ሰው የሚቃጠል ሸራ ሽታ ያውቃል፤ ልምድ ያለው ሹፌር በከባድ ማርሽ የሚወርደው ለዚህ ነው። ዘይት መቀየር ከሁሉም ማሻሻያ ርካሹ ነው።

ሁለተኛ ጎማ። መኪናህ መሬት የሚነካው አራት መዳፍ በሚያህል ቦታ ብቻ ነው። ቸርኬ አይቆምልህም፤ የሚቆምልህ ጎማው ነው። ጎሚስታ ጋ ስትሄድ የጎማውን ጎን አንብብ፤ በአራት አኃዝ የተጻፈ የምርት ቀን አለ። 2318 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ አርጅቶ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ ሞላና አሞርዛተር። ሞላ ቆርጦ ማሳጠር መኪናውን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ መንገድ አያስይዘውም። አሞርዛተሩ የተሠራው ለሙሉው ሞላ ነው፤ ሞላው ሲያጥር ጉድጓድ ባገኘህ ቁጥር ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ጎማው መሬት ይለቃል። መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ አይቆምም፣ አይዞርም።

አራተኛ የራስህ ሕይወት፦ ወንበር፣ ቀበቶ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ሄልሜት። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ውድድር ሜዳ ላይ ሕይወት የሚያተርፈው ከውስጥ የሚበየደው የብረት ቀፎ፣ ያለ ሄልሜት ከተማ ውስጥ ከተነዳ በትንሽ ግጭት ጭንቅላት የሚፈነክት ብረት ነው። ለውድድር የተሠራ ልስልስ ጎማም በክረምት ዝናብ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። መኪናውን በደንብ ባዘጋጀኸው መጠን ከመንገድ እያራቅኸው ነው የምትሄደው። የተዘጋ ቦታ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሞተር መጨረሻ ላይ ይመጣል። እኛ ደግሞ የምንኖረው ደጋ ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። የጠፋውን ማርሚታ በመቀየር አታመጣውም። በማርሚታው የምታገኘው ድምፅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወጣት ፍጥነት ይወዳል። አባቶቻችንም ይወዱ ነበር። ግን ፈረስ ጉግስ በገበያ መሃል አይጋለብም፤ ሜዳ አለው፣ ቀን አለው፣ ተመልካች አለው። አዲስ አበባ ለፈረሷ ጃን ሜዳ ነበራት። ለመኪናው ግን ሜዳ አልሰጠነውም፤ ስለዚህ ሜዳውን ራሱ መረጠ፤ የቀለበት መንገድን በሌሊት፣ የደንቢያን መንገድ በቀን።

ጃፓንም በዚህ አልፋለች። ኬይቺ ሱቺያ የሚባለው የድሪፍት ንጉሥ ልምዱን ያዳበረው በተራራ መንገድ ላይ ነው። በኋላ ግን ከሌሎች ጋር ሆኖ ዲ1 ግራንድ ፕሪ የሚባለውን ውድድር መሠረተ፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተዘጋ ሜዳ፣ በዳኛ ፊት የሚካሄድ ውድድር ሆነ። ጎረቤታችን ኬንያም በ1953 የተጀመረውን ሳፋሪ ራሊ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ ዓለም ሻምፒዮና መልሳለች።

እኛ የዓለም ሻምፒዮና አንጠይቅም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ እሑድ እሑድ ጎዳና ሲዘጋ አይተናል፤ መዝጋት እንችላለን ማለት ነው። በወር አንድ እሑድ ጠዋት አንድ ሰፊ ግቢ ወይም ገና ሥራ ያልጀመረበት የኢንዱስትሪ መንደር መንገድ ይዘጋ። ኮኖች ይደርደሩ። መኪና ተራ በተራ፣ አንድ በአንድ በሰዓት ተይዞ ይሂድ። ኮን እየዞሩ መንዳት ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙም አያስኬድም፤ የሚለካው ችሎታ እንጂ ድፍረት አይደለም። በሩ ላይ መካኒክ ይቁም፤ ፍሬን ዘይቱ ያረጀ፣ ጎማው ያለቀ አይገባም። አምቡላንስ አንድ ይቁም። አለቀ።

«ሰው ለቤንዚን ሌሊት በሚሰለፍበት አገር የመኪና ጨዋታ ታወራለህ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ጨዋታው አለ፤ ቤንዚኑም እየነደደ ነው። ያለውን ነገር ወደ ሜዳ እናስገባው ነው የምለው። ነገ ደግሞ ይብሳል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ስስ አየር አያደክመውም፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ከ4,300 ሜትር በላይ በሚያበቃው የአሜሪካው ፓይክስ ፒክ ተራራ ውድድር ክብረ ወሰኑን የሰበረው የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የነገው ጎረምሳ ከዲኤክስ እጅግ የፈጠነ፣ ከባድ፣ ድምፅ የሌለው መኪና ይይዛል። የዛሬዋን ቢያንስ በሬ ነጂው ልጅ ከሩቅ ይሰማታል።

የአክስቴ ልጅ ስፖይለሩን ሸጦታል። በገንዘቡ የፍሬን ቧንቧዎቹን፣ ሸራውንና ዘይቱን ቀየረ፤ ቀጥሎ ጎማ ነው ይላል። ማርሚታውን ግን እንቢ አለ፤ እሱን ተውኩት።

አንተም ዲኤክስ፣ ቪትዝ ወይም ሌላ ያለህ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ከመነሳትህ በፊት ኮፈኑን ክፈትና የፍሬን ዘይቱን ቀለም እይ። ከጠቆረ አትንዳ። ሜዳ የሚሆን ቦታ በከተማችሁ የምታውቁ ደግሞ ጻፉልኝ፤ ዝርዝሩን ሰብስቤ እመለስበታለሁ።

ሰላም ግቡ።