ከመጨመር በፊት መቀነስ

ወጣት ጊታሪስቶች ስለ አምፕሊፋየር ሲያማክሩኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «የቱን ልግዛ?» የእኔም መልስ አንድ ነው፦ «ያለህን በቅጡ ሰምተኸዋል?»

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ባለ ቲዩብ አምፑን ተሸክሞ ልምምድ ክፍላችን መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም፤ ልሸጠው ነው» አለኝ። ትዝታ እንዲጫወትልኝ ጠየቅሁት። ጌይኑ 8 ላይ ነው፤ ቤዙና ትሬብሉ እስከ ጥግ ተከፍተዋል፤ ሚዱ ዜሮ ነው። የልጁ ጣት ጥሩ ነው፤ ክሩን እየሳበ ያቅለሰልሳል። ነገር ግን በስሱ የነካውም በኃይል የመታውም እኩል ሆኖ ይወጣል። ትዝታ የሚኖረው ደግሞ በዚያ በስሱና በኃይሉ መካከል ነው።

ከማዞሪያዎቹ ጀመርን። በአብዛኞቹ ባለ ቲዩብ አምፖች ላይ ቤዝ፣ ሚድና ትሬብል ድምፅ የሚጨምሩ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው መቀነስ ነው፤ 10 ላይ ማድረስ ማለት ትንሽ ብቻ መቀነስ ማለት ነው። አንዱ ሲነካ ሌሎቹም አብረው ይለወጣሉ። ሚዱን ማጥፋት ቤት ውስጥ ለብቻ ሲጫወቱ ይጣፍጣል። ከበሮና ቤዝ ጊታር ሲገቡ ግን ጊታሩ የት እንደገባ አይታወቅም፤ አንደበቱ ያለው መሐል ላይ ነውና። ሚዱን ወደ 7 አወጣን፤ ቤዙን ወደ 3 አወረድን።

ጌይኑ ግን አስቸገረን። ከ1 ትንሽ አልፎ ገና 2 ሳይደርስ ድምፁ ይሻክራል፤ ለጣት የሚተርፍ ቦታ የለም። ገመዱን ከሶኬት ነቀልን፤ ቲዩቦቹ እስኪበርዱ ጠበቅን። ከጀርባ የመጀመሪያዋን ቲዩብ የሸፈነችውን የቆርቆሮ ቆብ አነሣሁ፤ አውራ ጣት የምታህለውን ብርጭቆ በቀስታ ወዲያና ወዲህ እያልኩ አወጣኋት። 12ኤኤክስ7 ናት፤ የማጉላት መለኪያዋ 100 ነው። በእሷ ቦታ መለኪያዋ 45 ገደማ የሆነውን 12ኤዋይ7 ተካሁ። ዘጠኙ እግሮች እዚያው ሶኬት ላይ ይገባሉ። በመካከል ያሉትን ለሚፈልግ 5751 ወደ 70፣ 12ኤቲ7 ወደ 60 ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የፌንደር ባስማን አምፕ የመጀመሪያ ቲዩቡ 12ኤዋይ7 ነበር። ጂም ማርሻል ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 ያንን አምፕ መነሻ አድርጎ የራሱን ሲሠራ፣ እዚያ ቦታ ላይ የገባው ባለ 100ው ነው። ሁለቱን አምፖች ከለዩዋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

«ጌይኑን መቀነስ አይበቃም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ለአንዳንዱ አምፕ ይበቃል፤ ያን ጊዜ ምንም አትንቀሉ። ለዚህኛው ግን አልበቃም። ከለውጡ በኋላ ጌይኑ ከ2 እስከ 5 በዝግታ የሚሄድ ሆነ፤ ሳይጫወቱ ከስፒከሩ የሚሰማው ሹክሹክታም ቀነሰ። ልጁ ያንኑ ትዝታ መልሶ ሲጫወት፣ በስሱ ሲነካ ጥርት ይላል፤ ሲጫነው ብቻ ድምፁ ትንሽ ይሻክራል። ያን የሚወስነው አሁን ጣቱ ነው።

እንደዚህች ያሉትን ትንንሽ ቲዩቦች መቀየር ቀላል ነው። ስፒከሩን የሚነዱትን ትልልቆቹን ግን ለባለሙያ ተዉ። የአምፑንም ሆድ አትክፈቱ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ውስጡ ሊቆይ ይችላል።

የምለው ይህን ነው፦ አንድ ምሽት ማዞሪያዎቹን ሁሉ 5 ላይ፣ ጌይኑን 2 ላይ አድርጋችሁ አንድ ትዝታ ተጫወቱ። ከዚያም አንድ በአንድ እየቀነሳችሁ ስሙ። ከዚህ ሁሉ በኋላ «አዲስ ግዛ» የሚላችሁ የገዛ ጆሯችሁ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ግዙ።