ሹክሹክታና ማጉተምተም አንድ አይደሉም

«ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሁሉ ፈሪ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። ሹክሹክታ ሌላ፣ ማጉተምተም ሌላ!

ስናንሾካሽክ የድምፅ አውታሮቻችን አይርገበገቡም፤ ከንፈርና ምላስ ግን ሥራቸውን አይተዉም። በዓሉ «ገና» ጠብቆ፣ «ገና ነው» የምንለው ላልቶ በጆሮ ይለያል። ስናጉተመትም ግን ድምፁ አለ፣ ቃሉ የለም፤ ከጥርስ ሳያልፍ ይዋጣል።

እስቲ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚሄድ ታክሲ ተሳፍረን እንስማ። «ወራጅ አለ» ማለቱን ያጉተመተመ ሰው አደባባዩን አልፎ ይወርዳል። መልሱ የቀረበትም ያጉተመትማል፤ ረዳቱ «ምን አልክ?» ሲለው «ኧረ ምንም!» ይላል። ከወረደ በኋላ ግን «ነግሬዋለሁ እኮ!» ብሎ ይፎክራል። ማጉተምተም እንግዲህ ይኸው ነው፦ መናገርንም መካድንም ባንድ አፍ መያዝ። አድርባይነት ነው!

የሹክሹክታን ዋጋ ማወቅ የፈለገ የቀይ ሽብርን ዘመን ያስታውስ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ፣ «ልጅሽን ደብቂ» የሚል የጎረቤት ሹክሹክታ አንድ ቃል ቢጎድለው የሰው ነፍስ ይጎድል ነበር። ያች ጎረቤት ፈሪ ናት የሚል ማነው? ሰሚዋን መርጣ፣ ቃሏን ሳታጎድል ተናገረች እንጂ!

ግለ ሂሳችንም ይኸው፦ በስብሰባ እጃችንን አውጥተን የምናጉተመትም፣ ግጥማችንን ወደ ወረቀቱ አቀርቅረን የምናነበንብ እኛው ነን። ጮክ ማለት በሚቻልበት ጮክ እንበል። ካልተቻለም እናንሾካሽክ። ቃሉን ግን አንዋጥ!