ፓምፑን በመብራት ዲመር አታዘግዩት

እኩዮቼ፣ በጀርመን አገር ቤት ገዝታችሁ በጡረታ የምትኖሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ በገዛ ቤቴ ደርሶ ስላየሁት ነው። የመብራት ሂሳብ ሲከብደን፣ ሌሊት ራዲያተሩ እያፏጨ እንቅልፍ ሲነሳን፣ ምድር ቤት ወርደን የማሞቂያውን ፓምፕ ካልነካካን እጃችን አያርፍም።

የእኔም አላረፈም። የሳሎን አምፖል ማደብዘዣ የነበረ ዲመር ተርፎኝ ነበር። ከፓምፑ ገመድ ጋር አገናኘሁትና ድምፁ እስኪጠፋ አዞርኩት። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ተሳካልኝ ብዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ወርጄ ፓምፑን በእጄ ጀርባ ብነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ውስጡ ግን አይዞርም። ባለቤቴና የልጅ ልጄ ፎቅ ላይ ተኝተዋል።

አምፖል ኃይል ሲያንሰው ይደበዝዛል እንጂ አይጎዳም። የአሮጌ ፓምፕ ሞተር ግን ፍጥነቱ በዋናነት የሚወሰነው በመስመሩ 50 ኸርዝ ነው። ቮልቴጁን ስትቀንሱበት ጉልበት ያጣል፤ መዞር ሲያቅተው ወደ ጥቅልሉ የሚገባው ኤሌክትሪክ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የሙቀቱን ወራት ሙሉ ቆሞ የከረመ ፓምፕማ ገና ሲነሳ ሊታነቅ ይችላል። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ቦይለሩ እዚያው የቆመውን ውሃ ያግለዋል። የቦይለሩ የሙቀት መቁረጫ እንቢ ካለ የሚቀረው መከላከያ፣ ብዙ ጊዜ በ3 ባር የሚከፈተው የደኅንነት ቫልቭ ነው።

ማዘግየቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። 70 ዋት የሚወስድ ፓምፕ 200 የብርድ ቀን ሌት ተቀን ሲዞር 336 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ውሃውን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። በብዙ አሮጌ ፓምፖች ላይ 1፣ 2፣ 3 የተጻፈበት ማዞሪያ ያለው ለዚሁ ነው። አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉና ብርድ የበረታበትን ሙሉ ቀን ጠብቁ። ከዚያ ከቦይለሩ እጅግ የራቀውን ራዲያተር ዳስሱ፤ እሱ ከሞቀ በቂ ነው። ካልሞቀ ወደ 3 አትሩጡ። ቅርቡ ራዲያተር የሩቁን ድርሻ እየወሰደበት ይሆናል፤ ባለሙያ ጠርታችሁ የየራዲያተሩን ውሃ አስመጥኑ። ዘመናዊ የጋዝ ቦይለር ያላችሁም ልብ በሉ፦ ከልክ በላይ የፈጠነ ውሃ ሳይበርድ ይመለሳል፤ ከ55 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከተመለሰ ቦይለሩ ከጭሱ ሙቀት መልሶ መያዝ ይሳነዋል። የራዲያተሮቹ ቫልቮች ሲዘጉ በራሱ የሚዘገይ ፓምፕ መግዛት የቻለ ይግዛ፤ እሱንም ግን ከዲመር አያገናኘው።

ዛሬ ማታ ምድር ቤት ውረዱና የፓምፑን ገመድ ተከታትላችሁ እዩ። ዲመር ካገኛችሁ ፊውዙን አውርዱና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። እስኪመጣ ብርድ ልብስ ደርባችሁ እደሩ።