ከስብከት ጥናቶቻችን የጎደለው ሰሚ

ስለ ስብከት የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በሰባኪው ላይ ነው። ዝግጅቱ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ አተረጓጎሙ፣ የቋንቋ አጠቃቀሙ፣ አልፎ አልፎም የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ይመረመራል። «የስብከት ዘዴ» ተብሎ የሚሰጠው ትምህርትም የተቃኘው ጥሩ ተናጋሪ ለማፍራት ነው። ሰሚው በእነዚህ ጽሑፎች የሚታየው በመግቢያው ላይ «ምእመናን» በሚል የጅምላ ስም፣ በማጠቃለያው ላይ ደግሞ የስብከቱን ፍሬ ተቀባይ ሆኖ ነው። በመካከሉ ምን እንደሠራ አይጠየቅም። በእኔ እምነት ይህ የጥናት ዘዴ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የነገረ መለኮትም ጉድለት ነው፤ መስማትን እንደ ሥራ የማይቆጥር ጥናት የስብከትን ግማሽ ሳያይ ያልፋል።

በቋንቋችን «መስማት» የጆሮ ተግባር ብቻ አይደለም። እናት «ይህ ልጅ አይሰማም» ስትል አይታዘዝም ማለቷ እንጂ ስለ ጆሮው ሕመም መናገሯ አይደለም። ግእዙ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። «ሰምዐ» ከሚለው ግሥ ሰማዒ፣ ስምዕ እና ሰማዕት ይወጣሉ፤ የሚሰማው፣ ምስክርነቱና ለምስክርነቱ የሚሞተው ሰው በአንድ ሥር ላይ የበቀሉ ናቸው። የቃል ሥር ብቻውን ነገረ መለኮት አይሆንም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 10ኛ ምዕራፍ እምነትን ከመስማት ጋር ሲያያይዝ፣ እዚያው ላይ ለወንጌል አለመታዘዝን ያነሣል። ግንኙነቱ የእኛ ቋንቋ የፈጠረው አይደለም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስብከት ሲፈጸም ጉባኤው ሰባኪውን «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብሎ ይመርቃል። ከመለመዱ የተነሣ ማንም ቆም ብሎ አያስተውለውም እንጂ ምርቃቱ የሚያስደንቅ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሲያሰማ የቆየው ሰባኪው ነው፤ ሰሚዎቹ ግን የሚመኙለት የበለጠ እንዲናገር ሳይሆን እርሱም በተራው የሕይወትን ቃል እንዲሰማ ነው። በዚያች አጭር ምርቃት መምህሩ ከሰሚዎቹ ወገን ይቆጠራል። ስለ ሰባኪና ሰሚ ግንኙነት ንድፈ ሐሳብ ከውጭ መጻሕፍት ከመዋሳችን በፊት ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር በሚገባ ብናጠና ብዙ በተጠቀምን ነበር።

እልልታው፣ ጭብጨባው፣ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚሰማው «አሜን» እና «ሃሌ ሉያ» እንዲሁ እንደ ጌጥ ይታለፋል። ነገሩ ግን የቆየ ክርክር አለው። ዮሐንስ አፈወርቅ በቁስጥንጥንያ የሐዋርያት ሥራን ሲተረጉም የሚያጨበጭቡለትን ሰዎች ወቅሷል፤ ጭብጨባን የሚከለክል ሥርዐት ሊያወጣ ሲናገርም እዚያው ላይ ተጨብጭቦለታል። በዚያ ጉባኤ የነበረው ችግር የአንደበት ማነስ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ሰሚው አካልም አለው። በሐዋርያት ሥራ 20ኛ ምዕራፍ ጳውሎስ በጢሮአዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር አውጤኪስ የተባለ ወጣት እንቅልፍ አሸንፎት ከሦስተኛው ፎቅ ይወድቃል። ሉቃስ ጳውሎስ በዚያች ሌሊት ምን እንዳስተማረ አንዲት ቃል አልመዘገበልንም። የመዘገበው በሰገነቱ የነበሩትን ብዙ መብራቶች፣ መስኮቱን፣ የንግግሩን መርዘምና የልጁን እንቅልፍ ነው። ስለ ስብከት ከተጻፉት ሁሉ ይህን የመሰለ የሰሚ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል።

ወደ እኛ አጥቢያዎች ስንመለስ፣ በብዙዎቹ ስብከት የሚሰጠው ከቅዳሴ ፍጻሜ በኋላ ነው። ሰሚው ከሌሊት ጀምሮ ጾሞና ቆሞ ያስቀደሰ ነው፤ እናቶች ልጅ አዝለዋል። በግጻዌው መሠረት የተሰበከው ምስባክና የተነበበው ወንጌል ከአንድ ሰዓት በላይ ርቋል፤ ሰባኪውም አንዳንዴ ከነጭራሹ ሌላ ርእስ ይዞ ይመጣል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የክርስቲያኖችን የእሑድ ጉባኤ ሲገልጽ ግን የመሪው ምክር ከምንባቡ ቀጥሎ፣ ከጸሎትና ከቍርባኑ በፊት ነበር። የቅዳሴው ፍሰት እንዳይቋረጥ የሚሰጉ አባቶች ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ሆኖም የስብከቱ ቦታና ሰዓት ለሰሚው ከሰባኪው የንግግር ችሎታ ይልቅ ሊወስን እንደሚችል አምናለሁ፤ ይህም በጥናት ሊፈተን የሚችል ግምት ነው።

በሌላ በኩል ስልክ ሰሚውን መራጭ አድርጎታል። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ምግብ እያበሰለች በጆሮ ማዳመጫ ስብከት ትሰማለች፤ ግጻዌው ሳይሆን የዕለቱ ኀዘኗ ርእሱን ይመርጥላታል። ከብዙዎች ጋር በአንድ ድምፅ የማትለውን ምርቃት በጽሑፍ ትልካለች። ይህ ከጉባኤ መለየት ነው ብሎ መተቸት ቀላል ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የዕረፍት ቀን ለሌላት ሴት ግን ያለው ጉባኤ ያ ብቻ ነው፤ እርሷን ሳይጠይቁ ስለ «ዘመናዊ ስብከት» የሚጻፍ ጥናት ምን እንደሚያውቅ አይገባኝም።

ታዲያ ሰሚውን እንዴት እንጠይቅ? በሥራችን የለመድነው ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚደረደር መጠይቅ ለዚህ አይረዳም። ምእመኑ አገልጋይን መንቀፍ እንደ ድፍረት ስለሚቆጥር ሁሉንም ጥያቄ «በጣም እስማማለሁ» ብሎ ይጨርሰዋል። «ስብከቱ እንዴት ነበር?» የተባሉ እናትም «ጥሩ ነበር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብለው ያልፋሉ። «ቤት ሲገቡ ለማን ነገሩት? ምን ብለው ነገሩት?» ቢባሉ ግን የሰሙትን በራሳቸው ቃል ያወጡታል። የእርሳቸው ቃል ከሰባኪው ማስታወሻ ሲለይ «ስሕተተ መረዳት» ብሎ ለመመዝገብ አለመቸኮል ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ትርጓሜ የሚሠራው እዚያ ልዩነት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ቃለ መጠይቁም በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ባይሆን ይመረጣል። የእሑዱ ስብከት እንደገና የሚነገረው፣ የሚታረመውና የሚከራከሩበት በጽዋ ማኅበር ነውና አጥኚው አስፈቅዶ ከዚያ ቢቀመጥና መቅጃውን ሳይከፍት ሁለት ሦስት ወር ቢያዳምጥ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል።