ማሽኑን ነው ወይስ ባለሙያውን?

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለአገር ቤት ሆስፒታሎች ስናስብ ቶሎ የሚታየን ኮንቴይነር ነው። የተወላጆች ማኅበር ገንዘብ ያዋጣል፣ ያገለገሉ የሕክምና መሣሪያዎች ይሰበሰባሉ፣ ዕቃው በጅቡቲ በኩል ይገባል። ሹመኞች ሪባን ይቆርጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ስንት ሰው አዳነ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የወገንን ቸርነት ማጣጣል አይደለም፤ ቸርነቱ መጋዘን ውስጥ አቧራ እንዳይለብስ ማሳሰብ ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በ16 አገሮች የሚገኙ 112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ መርምሮ 38.3 ከመቶው ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን አገኘ። በምክንያትነት ያስቀመጣቸውም የሥልጠና፣ የመሣሪያ አያያዝና የመሠረተ ልማት ጉድለቶች ናቸው። በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ11 ድሃ አገሮች ለጥገና ከቀረቡት መሣሪያዎች 72 ከመቶው ከውጭ መለዋወጫ ሳይመጣላቸው ወደ ሥራ መመለሳቸውን አሳየ። ልብ በሉ! ከሁሉ በላይ የጎደለው ማሽን ሳይሆን ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ነው።

በአገራችን ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ከአሜሪካ የሚጫነው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የአገር ቤቱ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። የቦታ ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቀዶ ሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚጸዳበት አውቶክሌቭ በባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ በሚሰጠው የግፊት መለኪያ ልክ አዲስ አበባ ላይ ቢሠራ ሙቀቱ ወደ 117 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ፣ ያልጸዳ ዕቃ የጸዳ መስሎ የሰው ሆድ ውስጥ ይገባል። ስለ ደጋ ሆስፒታሎቻችን እንቅልፍ የሚያጣ የሩቅ አገር ፋብሪካ የለም፤ የራሳችን ሰዎች ናቸው ሊያስቡበት የሚገባው።

ይህ ደግሞ ሕልም አይደለም። በማላዊ የብላንታየር ሆስፒታል ሐኪሞች ከቴክሳሱ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው መተንፈስ ለሚቸግራቸው ጨቅላዎች ርካሽ የአየር መስጫ መሣሪያ ሠርተዋል። በ2014 በታተመው ጥናት በመሣሪያው ከታከሙት 71 ከመቶ፣ ኦክስጅን ብቻ ካገኙት ደግሞ 44 ከመቶ በሕይወት ተርፈዋል። የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም በ2012 የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ጥምረት መሥርተዋል፤ ያገዛቸውም እዚያው አዲስ አበባ የተቀመጠው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። በ2017 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ኡቦራ የተባለ ፕሮጀክት ደግሞ የአውሮፓና የአፍሪካ ወጣቶች የመሣሪያ ንድፍ በነፃ የሚለዋወጡበትን መድረክ ከፍቷል። መድኃኒቱ በደጃችን ነበር ማለት ነው።

ታዲያ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው መረብ ለምን ቀጨጨ? አንዱ ምክንያት ድህነት ነው፤ ሌላው ግን መደራጀትን የሚፈራ አገዛዝ ነው። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ የአስተዳደር ወጪን በ30 ከመቶ ገድቦ፣ መመሪያው ለሥልጠና፣ ለጉዞና ለክትትል የሚወጣውን ብዙውን ገንዘብ በዚያው ቋት ከተተው። በዚህ ስሌት ማሽን መግዛት ሥራ፣ ጠጋኙን ማሠልጠን ግን ብክነት ሆኖ ተቆጠረ። አዋጁ በ2019 ተሽሯል፤ ልማዱ ግን አልተሻረም። በግንቦት 2025 የጤና ባለሙያዎች በደሞዛቸው መኖር አቅቷቸው ሥራ ሲያቆሙ መልሱ እስራት ነበር። ሐኪሙን አስሮ ስለ ጤና ቴክኖሎጂ ፈጠራ መደስኮር ምን ይሉታል?

እኛስ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከመጫናችን በፊት ሆስፒታሉን እንጠይቅ፤ ይህን መሣሪያ ትፈልጉታላችሁ? ማን ይተክለዋል? ማን ይጠግነዋል? መልስ ከሌለ አይጫን። ሁለተኛ፣ ለኮንቴይነር ከምናወጣው ከፊሉን ለቴክኒሺያኖች የመለኪያና የጥገና ዕቃ፣ ለተማሪዎችም የመመረቂያ ሥራ እናውለው። ሦስተኛ፣ በመካከላችን ያሉ መሐንዲሶችና ሐኪሞች በየከተማው ተበታትነው ከሚቀሩ በሙያ ተሰባስበው ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በቋሚነት ይሥሩ። አራተኛ፣ ባለሙያዎች በነፃ የመደራጀት መብታቸው እንዲከበር ያለማሰለስ እንጩህ፤ ይህ ከፖለቲካ የተለየ ጉዳይ ነው የሚል ካለ የተዘጋውን የሆስፒታል ክፍል ይመልከት።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አበው። ኮንቴይነር አንድ ጊዜ ይራገፋል፤ የባለሙያ ድር ግን ካልበጠሱት ለትውልድ ይተርፋል።

ቸር ይግጠመን።