ሻጭ የሸቀጡን አሠራር ይወቅ

ቡና ነጋዴ የታጠበውን ከደረቁ፣ የሐረሩን ከጅማው በመዓዛው ይለያል፤ ሸማ ሻጭም ድርና ማጉን በጣቱ ዳስሶ የሸማኔውን እጅ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ገዢን ለማታለል ሊያገለግል እንደሚችል አይካድም፤ ይሁን እንጂ ያለዚህ ዕውቀት ሻጩ እውነቱን ለመናገርም አይችልም። በዘመናችን በእጅ የማይዳሰስ፣ በሚዛንም የማይሰፈር ሸቀጥ መጥቷል። ይኸውም መተግበሪያ የሚባለው፣ በስልክ ላይ ተጭኖ ገንዘብ የሚያስተላልፍ፣ መኪና የሚጠራና ምግብ የሚያዝ ፕሮግራም ነው። ይህን ሸቀጥ ከሚያስተዋውቁት ባለሙያዎች ብዙዎቹ አሠራሩን ማወቅ የመሐንዲሶች ፋንታ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ ሐሳብ አልስማማም።

አስቀድሞ ስለ አሠራሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዛሬ በሕዝብ እጅ ያሉት ስማርት ስልኮች ከሞላ ጎደል በሁለት ይከፈላሉ፤ ገሚሶቹ በጉግል አንድሮይድ፣ ገሚሶቹ ደግሞ አፕል ለአይፎን ባዘጋጀው ሥርዓት ይሠራሉ። ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ እንዲሁ አይሠራምና፣ አንድን መተግበሪያ ለሁለቱም ለማቅረብ ሁለት ጊዜ መጻፍ የተለመደ ነበር። ይህን ድካም ለማቅለል ፌስቡክ በ2007 ዓ.ም. ሪአክት ኔቲቭ የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ ለቀቀ፤ ጉግልም በኅዳር 2011 ዓ.ም. የፍላተርን የመጀመሪያ ሙሉ እትም አወጣ። በእነዚህ መሣሪያዎች አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በሁለቱም ዓይነት ስልክ ላይ ይሠራል። ነገሩ አንድ ጣቃ ሸምኖ ለሁለት ሰው ልብስ እንደ ማውጣት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ግን አንድ ቁመት የላቸውምና መቀሱ ጨርሶ አይቀመጥም።

እስቲ አሁን ሐሳባችንን ወደ ሱዳን እንውሰድ። በካርቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን ለረጅም ዘመን ኖረዋል፤ ሠርተዋል፤ ነግደዋል። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመፈንዳቱ በፊት፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበረ እንበል። ባለቤቱ ምሳና እራት በስልክ የሚታዘዝበት መተግበሪያ ሊያሠራ ፈለገ። ከደንበኞቹ ገሚሱ ርካሽ አንድሮይድ የያዙ ያገሩ ልጆች፣ ገሚሱ ዓረብኛ ተናጋሪ ሱዳናውያን፣ ጥቂቶቹም አይፎን የያዙ የውጭ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ለማስታወቂያው የተቀጠረው ሰው «አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ በሁሉም ስልክ ይሠራል» ሲባል ከመሐንዲሱ ሰማ፤ ይህንኑም በወረቀት አሳትሞ በሰፈሩ በተነ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ በዚያች አጭር ቃል ውስጥ ስንት ያላሰበው ተስፋ እንደ ነበረ ያን ጊዜ አላወቀም።

የመጀመሪያው ችግር ከጽሕፈት ይነሣል። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። የሚገለበጡት ፊደሎቹ ብቻ አይደሉም፤ የገጹ አቀማመጥ ሁሉ እንደ መስተዋት ምስል ይዞራል፤ ወደ ኋላ የሚመልሰው ቀስት እንኳ አቅጣጫውን ይለውጣል። ሁለቱም መሣሪያዎች ይህን ለማድረግ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከመነሻው ካልታሰበበት ኋላ ማረሙ አድካሚ ነው። አሠራሩን የሚያውቅ አስተዋዋቂ ጉዳዩን በመጀመሪያው ቀን ያነሣ ነበር፤ የማያውቀው ግን በአማርኛው ገጽ ፎቶግራፍ ላይ የዓረብኛ ቃል ለጥፎ ይበትናል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከብዳል፤ ይኸውም ሸቀጡ ወደ ገዢው እጅ የሚደርስበት መንገድ ነው። አሜሪካ በሱዳን ላይ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ሰፊ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ነበር። በዚያ ዘመን ገንዘብ ከፍሎ ከመተግበሪያ መደብር ዕቃ መውሰድ ለካርቱም ነዋሪ የተዘጋ በር ነበርና፣ ሕዝቡ መተግበሪያን ከስልክ ወደ ስልክ መቀባበልን ለመደ። ልማዱ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የሞባይል ሱቆች ለጥቂት ብር መተግበሪያ ሲጭኑ ያላየ ማን ነው? አንድሮይድ ይህን ቅብብል ይፈቅዳል። በአይፎን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አፕል መርምሮ በመደብሩ ካላስቀመጠው በቀር ተራው ደንበኛ መተግበሪያውን አያገኘውም። እንግዲህ ፕሮግራሙ አንድ ቢሆንም መንገዱ ሁለት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ በሁሉም ስልክ» ብሎ ያሳተመ ሰው፣ የአፕል ምርመራ በዘገየ ቁጥር አይፎን ከያዙት ደንበኞች ፊት ሐሰተኛ ሆኖ ይቆያል። በሌላ በኩል፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ፋይል በመንገድ ላይ ተንኮል ሊታከልበት ይችላል። ስለዚህ የምግብ ቤቱ አስተዋዋቂ ቅብብሉን ሊጠቀምበት ቢችልም፣ የባንክ አስተዋዋቂ ግን ሕዝቡን ከዚሁ ልማድ ሊያስጠነቅቅ ይገባዋል። ይህን ልዩነት የሚያስተምረው የሥራውን ባሕርይ ማወቅ እንጂ የቃላት ማሳመሪያ አይደለም።

የክብደቱንም ነገር በአጭሩ ላንሣ። በእነዚህ መሣሪያዎች የተሠራ መተግበሪያ የራሱን ማንቀሳቀሻ ተሸክሞ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ኢንተርኔት በሜጋባይት ቆጥሮ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ይህ ገንዘብ ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር፣ አስተዋዋቂ ሊያውቅ የሚገባው የሰውን ልብ እንጂ የማሽኑን ሆድ አይደለም የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ራት ለሚያዝ ደንበኛ ፍላተር ይሁን ሪአክት ኔቲቭ ደንታው አይደለም፤ በማስታወቂያ ላይ ስማቸውን መደርደርም ከንቱ ነው። አስተዋዋቂው ፕሮግራም ጻፍ አልተባለም። የሚፈለግበት መሐንዲሱን ተገቢውን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያበቃ ዕውቀት ነው።

የዚህን ዕውቀት ዋጋ ጦርነቱ ራሱ አሳይቷል። በሱዳን ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ፣ የካርቱም ባንክ መተግበሪያ የሆነው ባንካክ ለብዙ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ መተላለፊያ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የስልክና የኢንተርኔት መሥመር ተቋረጠ፤ ዘመድ የላከው ገንዘብም በያዙት ስልክ ውስጥ የማይደረስበት ሆነ። በዚያን ጊዜ አንድሮይድ የያዘውና አይፎን የያዘው እኩል ተራቡ። በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር ከመተግበሪያው ሌላ በ*127# ይሠራል፤ ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድም ስማርት ስልክ የሌለውን መንገደኛ በ8294 ይቀበላል። እነዚህ መንገዶች ኢንተርኔት ሲጠፋ ያገለግላሉ፤ የስልኩ ማማ ራሱ ሲቆም ግን እነርሱም ይቆማሉ። አስተዋዋቂው ይህን ድንበር ለይቶ ካላወቀ፣ «በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ቦታ» የሚለውን ቃል የሚጽፈው የሌላውን ሰው ራት አስይዞ ነው።

የሱዳን ሠራዊት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ከተሰደዱት ነዋሪዎች ብዙዎች ወደ ከተማይቱ መመለስ ጀምረዋል። የምግብ ቤቱ ባለቤትም ተመልሶ በሩን ከፈተ፤ መተግበሪያውንም እንደ ገና ሊያሠራ አሰበ እንበል። መሥመር ሲቋረጥ ትእዛዙን በስልኩ ውስጥ አቆይቶ ሲመለስ መላክ በፍላተርም ሆነ በሪአክት ኔቲቭ ይቻላል፤ መሐንዲሱ ካልታዘዘ ግን ላይሠራው ይችላል። ስለዚህ አዲሱ አስተዋዋቂ ስለ ቀለምና ስለ መፈክር ከመነጋገሩ በፊት ከመሐንዲሱ ጋር ተቀምጦ፣ መሥመሩ በጠፋበት ሰዓት የታዘዘው ራት የት እንደሚደርስ ይጠይቀው።